ለዩኒቨርሲቲ የሚመረጥ ተማሪ በምን ሚዛን ይመዘን?

ማር የሚገዛ ነጋዴ ማሩን ከነገንቦው በሚዛን ላይ ያወጣዋል፤ ነገር ግን ሒሳቡን ከመክፈሉ በፊት የገንቦውን ክብደት ይቀንሳል። ይህን ሳያደርግ የከፈለ እንደ ሆነ ለሸክላው የማር ዋጋ ሰጠ ማለት ነው፤ በቀላል ገንቦ ብዙ ማር ያመጣው ሰውም በከባድ ገንቦ ጥቂት ማር ባመጣው ሰው ተበለጠ ማለት ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንናገር ያሰብነው ስለ ማር ንግድ አይደለም፤ ለዩኒቨርሲቲ ስለሚመረጡት ልጆቻችን ነው። ዳሩ ግን የሁለቱ ነገር ምክንያቱ አንድ ነው።

በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተገለጸ ጊዜ ደስታና ኀዘን በአንድ መንደር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ዐሥራ ሁለት ዓመት የተደከመበት ትምህርት በአንድ ቊጥር ይጠቃለላል፤ ያም ቊጥር የልጁን የኑሮ መንገድ ይወስናል። በዚህ ቊጥር ውስጥ ምን ያህሉ የልጁ ተሰጥዎና ትጋት፥ ምን ያህሉስ የተማረበት ትምህርት ቤት ክብደት እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ የመራጮች ግዴታ ነው ብለን እናምናለን። ይህንንም የምንለው ፈተናን ለመንቀፍ ወይም የዕውቀትን ልክ ለማሳነስ አይደለም፤ የፈተናው ፍርድ ፍጹም እንዲሆን ስለምንመኝ ነው።

ነገሩን በሩቅ አገር ምሳሌ ከመግለጽ አስቀድሞ በቅርብ ያለውን ማሳየት ይሻላል። ይህን የምንጽፈው በአዲስ አበባ ምዕራብ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ሆነን ነው። ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ በአየር ጤና በኩል ወደ ዓለም ባንክና ወደ ቤቴል የሚሄድ ሰው በአንድ ማለዳ ሁለት ዐይነት ተማሪ ያያል። አንደኛው በትምህርት ቤቱ መኪና ተሳፍሮ ክፍያው ከፍ ወዳለ የግል ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ በዚያም ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት ይቈየዋል፤ ማታም አስጠኚ ከቤቱ ድረስ ይመጣለታል። ሁለተኛው በእግሩ እየገሠገሠ ተማሪ ወደ ተጨናነቀበት ክፍል ይገባል፤ ከትምህርት መልስም እናቱ በምትቸረችርበት ጉልት ይቀመጣል። ሴት ልጅ የሆነች እንደ ሆነም ውሃ መቅዳቱና ወጥ መሥራቱ ይጠብቃታል፤ መጽሐፏን የምትገልጠው የቤቱ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የተከመረው የከተማ ቈሻሻ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ያለቁት በዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። በዚያ አካባቢ በጎጆ ያደገ ልጅና በግንብ አጥር ውስጥ ያደገ ልጅ በአንድ ቀን፥ በአንድ ሰዓት፥ በአንድ ጥያቄ ይፈተናሉ፤ በመዝገብም ላይ የሁለቱም ስፍራ «አዲስ አበባ» ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱ ልጆች እኩል ነጥብ ያመጡ እንደ ሆነ እኩል ናቸው ማለት ይቻላልን? በወረቀቱ ፊት አዎን፤ በእውነት ፊት ግን ጥቂት ልናስብበት ይገባል።

አሁን ያለው የአመራረጥ ሥርዐት እንዴት እንደ ሆነ በአጭሩ እንግለጽ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት ከመቶ 50 ማምጣት እንዲያስፈልግ ተወሰነ፤ ፈተናውም በየትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ቀርቶ ተማሪዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እየተጓዙ እንዲፈተኑ ተደረገ። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ይህን ነጥብ ያገኙት 29,909 ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከ845,188 ተፈታኞች 27,267 አለፉ፤ በ2016 ዓ.ም. ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 አለፉ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ። ይህም በተከታታይ ከመቶ 3.3፥ 3.2፥ 5.4 እና 8.4 መሆኑ ነው።

ከነዚህ ቊጥሮች ሁሉ ይልቅ ልብን የሚነካው ግን ሌላ ነው። በ2015 ዓ.ም. ተማሪዎቻቸውን ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች መካከል በ1,328ቱ አንድም ተማሪ ግማሹን ነጥብ አላገኘም። በአንድ ትምህርት ቤት የተሰበሰቡ ልጆች ሁሉ፥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፥ ሰነፎች ናቸው ብሎ የሚያምን ሰው አይገኝም። እንግዲህ በዚያ የወደቀው ተማሪው ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ ነው። የትምህርት ቤቱን ውድቀት ግን በስሙ የተሸከመው ልጁ ብቻ ሆነ።

ግማሹን ነጥብ ያገኙት ወደ የዩኒቨርሲቲውና ወደ የትምህርቱ ክፍል የሚደለደሉት በዋናው በነጥባቸው ነው። ከዚያ በታች የሆኑትም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በነጥባቸው ቅደም ተከተል እየተመረጡ ሬሜዲያል የተባለውን የአቅም ማሻሻያ ትምህርት እንዲማሩ፥ በኋላም ዳግመኛ ተፈትነው ያለፉት እንዲገቡ መንገድ ተከፈተ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በዐዋጅ ቊጥር 1294/2015 መሠረት ራሱን ወደሚያስተዳድርበት ሥርዐት ከገባ በኋላ ከ2016 ዓ.ም. አንሥቶ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀመረ፤ የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም ከዚያ አስቀድሞ እንዲሁ ሲያደርጉ ቈይተዋል። ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸውን ማስተዳደር በጀመሩ መጠን ተማሪን የመምረጡ ሥልጣንና ኀላፊነት ወደ እነርሱ ያዘነብላል። ስለዚህ የሚዛኑ ነገር ከአሁኑ ሊታሰብበት ይገባል እንላለን።

ፈተና የሚመሰገንበት ብዙ ምክንያት አለው። ፈተና ዐይን ስለሌለው የማንን ልጅ እንደሚፈትን አያውቅም፤ እጅም ስለሌለው መማለጃ አይቀበልም። የቻይና መንግሥት ባለሥልጣኖቹን ከሺሕ ዓመት በላይ በፈተና ሲመርጥ የኖረው፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1905 እስኪቀርም ድረስ ሥርዐቱ የተከበረው፥ የባላገር ልጅ ከመኳንንት ልጅ ጋር በአንድ ጥያቄ እንዲወዳደር በር ስለ ከፈተ ነው። በአሜሪካ ያለው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ የመግቢያ ፈተናን ግዴታነት ትቶ ነበር፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ግን መልሶታል። ምክንያቱንም ሲገልጽ ፈተናው የተቸገሩ፥ ነገር ግን ብርቱ የሆኑ ልጆችን ለይቶ ለማግኘት እንደሚረዳ አስታውቋል። በአገራችንም ፈተና እየተሰረቀ ሐቀኛው ተማሪ በሌባው ይበለጥ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሁሉ ፈተናው በጥብቅ መጠበቁን ያመሰግናል። እንግዲህ ፈተና ይቅር የሚል ቃል ከእኛ አይሰማም።

ነገር ግን አንድ ፈተና ፍጹም ፍርድ የሚሆነው ተፈታኞቹ በአንድ ማዕድ የተቀመጡ እንደ ሆነ ነው። በምዕራብ አዲስ አበባ በ1930ዎቹ ዓመታት ማብቂያ የተከፈተውን የጄኔራል ዊንጌትን ትምህርት ቤት እናስታውስ። በዚያ የነበሩት ተማሪዎች ከየጠቅላይ ግዛቱ ተመርጠው የመጡ አዳሪዎች ነበሩ፤ የሚበሉት አንድ፥ የሚያድሩበት አንድ፥ የሚያጠኑበት መብራት አንድ፥ የሚያስተምሯቸውም መምህራን አንድ ነበሩ። በመጨረሻ በአንድ ጥያቄ ተፈትነው አንዱ ሌላውን ቢበልጥ ብልጫው የራሱ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ ግን ትምህርት ወደ መላው አገር ተስፋፍቶ ተፈታኙ በመቶ ሺሕ በሚቈጠርበት ጊዜ ጥያቄው አንድ ሆኖ ቀርቷል፤ ማዕዱ ግን ሺሕ ዐይነት ሆኗል።

መንግሥት ይህን ሳይመለከት ቀርቷል አንልም። ለሴቶች፥ ከታዳጊ ክልሎችና ከአርብቶ አደር አካባቢዎች ለሚመጡ፥ አካለ ጉዳተኞችም ለሆኑ ተማሪዎች የመግቢያው ነጥብ ዝቅ እንዲል ሲደረግ ኖሯል። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ልንነቅፈውም አንፈልግም። ነገር ግን የክልል ስም ሰፊ ጥላ ነው፤ ከሥሩ ማን እንደ ቆመ ከሩቅ አይለይም። በክልል ስም ብቻ የሚያይ ዐይን የቤቴልን ባለጸጋ ልጅና በቆሼ አጠገብ ያደገውን ልጅ አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ በአማራ ክልልም በባሕር ዳር ከተማ የተማረውንና በገደል ማዶ ባለ ወረዳ የተማረውን አይለያቸውም። ስለዚህ ከክልሉ ስም ቀርቦ ትምህርት ቤቱን የሚያይ ሌላ ዐይን ያስፈልጋል።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ አንባቢዎቻችን ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቁታል። በወንጌል ስለ መክሊቱ የተነገረውን ምሳሌ እናስብ፤ አምስት የተቀበለው ባሪያ አምስት አተረፈ፤ ሁለት የተቀበለው ሁለት አተረፈ፤ ጌታቸው ለሁለቱም የሰጠው ምስጋና ግን አንድ ነበረ፤ የተቈጣጠራቸው በተሰጣቸው መጠን ነበርና። በቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። መምህሩ ደቀ መዝሙሩን በአንድ ቀን ቃል ብቻ አይመዝነውም፤ አኩፋዳውን አንግቦ በየደጃፉ እየለመነ፥ ሌሊት በብርድ እየተነሣ ቅኔ ሲቈጥር ያየዋል። ስንቅ ከቤቱ ከሚላክለት ጋር እኩል የተቀኘውን የቆሎ ተማሪ ነገ ወዴት እንደሚደርስ መምህሩ ያውቃል። ሆኖም ቤቱ የጎደለ ቅኔ ጎደለ ይባላል እንጂ ለድኻው ልጅ ተብሎ ሞላ አይባልም። ድጓ ተምሮ ምስክር ለመሆን ወደ ጋይንት ቤተልሔም የወጣም ሰው ድኽነቱ ታይቶ ያልዘለቀውን ዘለቀ አይባልም። የዕውቀት ልክ አይለወጥም፤ የሚለወጠው የመራጩ ማስተዋል ነው።

እንግዲህ አሳባችንን በግልጥ እናቅርብ። አንድ ተማሪ በሚመረጥበት ጊዜ በብሔራዊው ፈተና ካመጣው ነጥብ ጋር ከራሱ ትምህርት ቤት ተፈታኞች መካከል ስንተኛ እንደ ወጣ ይታይ። ነጥቡ ዋናውን ክብደት ይያዝ፤ ደረጃው ደግሞ ከዚያ ያነሰ፥ ነገር ግን የታወቀና የተወሰነ ክብደት ይኑረው። ደረጃው የሚወጣውም በዚያው በብሔራዊው ፈተና ነጥብ ይሁን እንጂ መምህሩ በክፍል በሰጠው ማርክ አይሁን፤ በክፍል የሚሰጠው ማርክ በወላጅ ልመናና በትምህርት ቤት ዝና ፍለጋ ሊያብጥ ይችላልና። ለዚህ ሥራ አዲስ ፈተና ማዘጋጀት፥ አዲስ መሥሪያ ቤትም ማቋቋም አያስፈልግም፤ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት የእያንዳንዱን ተፈታኝ ነጥብና የትምህርት ቤቱን ስም በመዝገቡ ይዟል፤ የቀረው ያንን መዝገብ በትምህርት ቤት ለይቶ ማሰለፍ ብቻ ነው።

ይህም ሚዛን በሁለት ስፍራ ይሥራ። መጀመሪያ፥ ያለፉት ተማሪዎች ከቦታው በሚበዙበት ትምህርት፥ ለምሳሌ በሕክምና፥ በመጀመሪያ ምርጫቸውም ብዙዎች በሚሹት ዩኒቨርሲቲ ሁሉ፥ ነጥባቸው ተቀራራቢ የሆኑትን ለመለየት ያገልግል። ሁለተኛ፥ ለአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተማሪ በሚመረጥ ጊዜ አንድም ተማሪ ካላለፈባቸው ትምህርት ቤቶች አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ቅድሚያ ይሰጣቸው። ከነዚያ 1,328 ትምህርት ቤቶች ሁለት ሁለት ልጆች ቢጠሩ ከ2,700 አይበልጡም። በአንድ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ እንኳ በትጋቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ እንደ ሄደ የታየ እንደ ሆነ የኋለኞቹ ተማሪዎች መጽሐፍ የሚገልጡበት ምክንያት ያገኛሉ። ማንም ሄዶበት በማያውቀው መንገድ ግን ልጅ ተነሥቶ አይሄድም።

ይህ አሳብ በሌላ አገር ያልተሞከረ አይደለም። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ባወጣው ሕግ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታቸው ከ10 እጅ በአንዱ ውስጥ የወጡ ተማሪዎች በግዛቲቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እንዲገቡ አዘዘ። ኋላም በዚህ መንገድ የሚገባው ስለ በዛ ዋናው ዩኒቨርሲቲ መጠኑን እንዲወስን በ2009 ተፈቀደለት። በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዩኒቨርሲቲዎች የአመልካችን ዘር እየተመለከቱ መምረጣቸውን በከለከለ ጊዜ የቴክሳስ ሕግ ግን አልተነካም፤ የልጁን የተማረበትን ቤት ይጠይቃል እንጂ የማን ወገን እንደ ሆነ አይጠይቅምና። የልጁን ትውልድ ሳይመረምር ችግሩን የሚያይ ሚዛን ለአገራችንም ሰላምና መተማመን እንደሚስማማ አስተዋይ ሰው ሁሉ ይረዳዋል።

ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። አንዱ «ሁሉ ከሆነ ቃልቻ ማን ይሸከማል ስልቻ» ይለን ይሆናል። እኛ ግን ሁሉ ይግባ አላልንም፤ የሚገባው ይለይ አልን እንጂ። ሌላው ደግሞ ደካማ ተማሪ ገብቶ የትምህርቱን ደረጃ ያወርዳል ይል ይሆናል። ግማሹን ነጥብ ያላገኘ ተማሪ በአቅም ማሻሻያው ተምሮ ዳግመኛ ተፈትኖ ካላለፈ በቀር እንዲገባ አልጠየቅንም፤ በሩ እንዲከፈትለት እንጂ መድረኩ ዝቅ እንዲልለት አልለመንም። ሦስተኛው፥ ብልጥ ወላጅ ልጁን በመጨረሻው ዓመት ወደ ደካማ ትምህርት ቤት ያዛውረዋል ይል ይሆናል። ይህ የእውነት ሥጋት ነው፤ መድኀኒቱም ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በዚያው ትምህርት ቤት ያልተማረ ሰው በደረጃው እንዳይጠቀም መደንገግ ነው። ቤተሰቡ በሥራ ዝውውር ወይም በጦርነት ተፈናቅሎ ትምህርት ቤት የለወጠ ልጅ ግን በማስረጃ ተለይቶ ሊታይለት ይገባል።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ነገር እንጨምራለን፤ ይኸውም ሚዛኑ አስቀድሞ ይታወቅ የሚል ነው። በቀደሙት ዓመታት የመግቢያው ነጥብ የሚነገረው ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ነበር፤ ስለዚህም ወላጅ ሁሉ ነጥቡ ለማን ተብሎ ተቈረጠ እያለ ያጉረመርም ነበር። ለነጥቡ ምን ያህል፥ ለደረጃው ምን ያህል፥ ለዩኒቨርሲቲው የራሱ ፈተና ምን ያህል፥ ለልዩ ድጋፍም ምን ያህል ክብደት እንደ ተሰጠ ተማሪው 9ኛ ክፍል ሲገባ በጽሑፍ ሊያውቀው ይገባል። ያልተመረጠም ተማሪ የቀረበትን ምክንያት በጠየቀ ጊዜ በጽሑፍ መልስ ያግኝ። ያልታወቀ ሚዛን እውነተኛም ቢሆን ይታማል፤ የታወቀ ሚዛን ግን የተሸነፈውም ያከብረዋል።

በመጨረሻ ማንም እንዳይሳሳት እንናገራለን። የተሻለ ሚዛን የተራበውን አያጠግብም፤ መጽሐፍና መምህር የጎደለበትን ትምህርት ቤትም አይሞላም። ዋናው መድኀኒት የኮልፌው፥ የጋይንቱ፥ የአፋሩም ልጅ ደኅና መምህር፥ በቂ መጽሐፍ፥ ንጹሕ ክፍል እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ነገር ግን ይህ የብዙ ዓመት ሥራ ነው፤ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል የተቀመጠው ልጅ እስከዚያ ሊቈይ አይችልም። አስተዋይ ገበሬ ለዘር የሚሆነውን ሲመርጥ በጥቁር አፈር ላይ ያማረውን ዛላ ብቻ አይሰበስብም፤ በጭንጫ መሬት ድርቁን ችሎ ያፈራውንም ለይቶ ያስቀምጣል፤ ክፉ ዘመን በመጣ ጊዜ የሚያድነው እርሱ መሆኑን ያውቃልና።

የትምህርት ሚኒስቴር ሹማምንትና የዩኒቨርሲቲዎች አስተዳዳሪዎች ይህን አሳብ መርምረው የሚጎድለውን እንዲሞሉበት፥ የተረፈውን እንዲቀንሱለት በትሕትና እናመለክታለን። ሚዛኑ በእጃቸው ነው፤ ልጆቹም የሁላችን ናቸው። ማሩ ከገንቦው ተለይቶ የሚመዘንበትን ቀን እግዚአብሔር ያቅርብልን፤ አገራችንንም በዕውቀትና በፍትሕ ይጠብቅልን።